ስም የተጻፈበት ድምፅ

(መርሳ ላይ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ልንናገርበት የተነሣነው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ስለ ፊርማ ነው። ምርጫ ሲባል የሰው ሁሉ አሳብ የሚሄደው ወደ ድምፅ መስጫው ቀን፣ ወደ ኮሮጆውና ወደ ቆጠራው ነው። እኛ የምንናገረው ግን ከዚያ ቀን ብዙ ቀደም ብሎ በየቀበሌው፣ በገበያ ዳርና በቡና ላይ እየዞረ ስም ስለሚለቅመው ወረቀት ነው። ፓርቲ ሊመዘገብ ሲል፣ ሰው በግሉ ሊወዳደር ሲል፣ ሕዝብም ተሰብስቦ አቤት ሊል ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ወረቀት ነው። በማን እጅ ያድራል? ስንት ዓመት ይኖራል? ማንስ ያነበዋል?

ከራሳችን እንጀምር። ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ሁለተኛ ደረጃ ስንማር፣ ስሙን በማናነሣው አንድ ትምህርት ቤት፣ ስለ መጠጥ ውሃ አቤቱታ ጽፈን ነበር። ሠላሳ ስምንት ሆነን ፈረምን። ደብዳቤው ጨዋ ነበር፤ «በትሕትና እናመለክታለን» የሚል ቃል ብቻ ሦስት ጊዜ ገብቶበታል። በማግሥቱ ከሠላሳ ስምንታችን የተጠራው አንድ ልጅ ብቻ ሆነ፤ ስሙ በተራ ቁጥር አንድ ላይ የሰፈረው። ያ ልጅ መሪያችን አልነበረም። ፊተኛ የፈረመው እስክሪብቶው የእሱ ስለ ነበረ ነው። ወላጅ አምጣ ተባለ፤ አባቱም በእርሻ ወራት አንድ ቀን ሥራ ፈትተው መጡ፤ ልጃቸውን የሁከት ቆስቋሽ ነው ሲሏቸው ሰምተው ተመለሱ። በሁለተኛው ጊዜ እኛም ብልሃት ተማርንና ስማችንን በወረቀቱ ዙሪያ በክብ ጻፍነው፤ ፊተኛም ኋለኛም ጠፋ። ውሃው ያን ጊዜም አልመጣም፤ ግን የተጠራ ልጅ አልነበረም።

ከዚህ የተማርነው ነገር አለ። በአንድ አቤቱታ ላይ ሁለት ነገሮች ባንድነት ተጽፈዋል፤ አንደኛው ጥያቄው ነው፤ ሁለተኛው የጠያቂዎቹ ዝርዝር ነው። ተቀባዩ ሰው ጥያቄውን ቅርጫት ውስጥ ጥሎ ዝርዝሩን ኪሱ ሊያስቀምጠው ይችላል።

እንግዲህ ወደ አገሩ ሕግ እንምጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ምርጫ በሚስጥር ድምፅ እንዲደረግ ያዛል። በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት፣ በአንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወት የመከበርን መብት ያረጋግጣል። ሦስቱም ማለፊያ ድንጋጌዎች ናቸው። ዳሩ ግን ሦስቱ የሚገናኙበት ስፍራ፣ ይኸውም አንድ ዜጋ ለፖለቲካ ነገር ስሙን በወረቀት ላይ የሚያኖርበት ስፍራ፣ አጥር ያልታጠረለት ሜዳ ሆኖ ቀርቷል።

በድምፅ መስጫው ቀን የሚደረገውን ጥንቃቄ አስታውሱ። መራጩ ከመጋረጃ ጀርባ ብቻውን ይገባል፤ ምልክቱን ያደርጋል፤ ወረቀቱን አጥፎ በኮሮጆው ይጨምራል። እናቱም ብትሆን አብራው ገብታ አታይም። የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ ይፋ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን መዝገቡ የሚናገረው ሰውየው ለመምረጥ መመዝገቡን ብቻ ነው፤ ማንን እንደሚመርጥ አይናገርም። የድጋፍ ፊርማው ወረቀት ግን ሁለቱንም ይናገራል። የደጋፊው ስም በመስመሩ ላይ አለ፤ የተደገፈው ሰው ወይም ፓርቲ ስም ከገጹ ራስ ላይ አለ። ስለዚህ የድጋፍ ፊርማ ስም የተጻፈበት ድምፅ ነው ብንል ከእውነት አልራቅንም። መንግሥት ሰኔ ላይ በመጋረጃ የሚሸፍነውን ነገር ጥር ላይ በአደባባይ አስጽፎታል ማለት ነው።

ቁጥሩም እያደገ ሄዷል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 573 ለአገር አቀፍ ፓርቲ 1,500፣ ለክልል ፓርቲ 750 መሥራች አባላትን ይጠይቅ ነበር። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. በምክር ቤት የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1162 ይህን ወደ 10,000 እና ወደ 4,000 ከፍ አደረገው። ምክንያቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ በአገሩ ከመቶ በላይ ፓርቲ ይቆጠር ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ ከማኅተምና ከሊቀ መንበር በቀር ሌላ ነገር የሌላቸው ነበሩ። ብዙ ፓርቲዎች አዋጁን ተቃወሙት። ይሁን እንጂ በጊዜው የሰማነው ክርክር በአብዛኛው ስለ ቁጥሩ ነበር፤ አንዱ በዛ ይላል፤ ሌላው ይገባል ይላል። አሥር ሺህ ስም ከተሰበሰበ በኋላ አሥር ሺህ ሰው በዚያ ወረቀት ላይ ዕድሜውን ሙሉ ይኖር እንደ ሆነ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው። ሕጉ ስለ ቁጥሩ የሚናገረውን ያህል ስለ ወረቀቱ አጠባበቅና ስለ ዕድሜው በግልጽ ሲናገር አናይም።

ለዕጩዎችም በሺህ የሚቆጠር የድጋፍ ፊርማ በዚያው አዋጅ ተደንግጎ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ግን የኮሮና ወረርሽኝ ስለ መጣ፣ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ በሽታ እንዳያዛምት ሲባል ለስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ግዴታው ቀረ። ይህን ነገር እስቲ ልብ በሉልን። ወረቀቱ የቀረው የፈራሚውን ሳንባ ለመጠበቅ ነው፤ ስሙን ለመጠበቅ አልነበረም። ዳሩ ግን ወረርሽኙ ሳያስበው ለእኛ አገር አንድ ውለታ ውሎልናል፤ ወደዚያ እንመጣለን።

አሁን አብራችሁን ወደ ሀብሩ ገጠር ውረዱ። ከመርሳ አስፋልት ትንሽ ገባ ባለ ቀበሌ አንድ ገበሬ በቤቱ ደጃፍ ተቀምጧል እንበል። ወረቀት የያዘ ወጣት መጣ፤ ጎረቤቱ ነው፤ የቅሬ አባል ነው፤ ምናልባትም የሚስቱ የአጎት ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ለዚህ ሰው እንዲወዳደር ብቻ ይፈርሙለት» ይላል። ገበሬው ወረቀቱን ያያል። ከሱ በላይ የፈረሙትን ያነባል፤ ማንበብ ባይችል ይነበብለታል፤ ጠያቂው ራሱ «እነ እገሌም ፈርመዋል» ብሎ ያበረታታዋል። ልብ በሉ፤ እሱ የበላዮቹን ስም እንዳወቀ፣ ከሱ በታች የሚፈርሙትም የሱን ስም ያውቃሉ። ከአንድ መንደር ሠላሳ ሰው ቢፈርም ሠላሳውም እርስ በርሳቸው ምስክርም ጠቋሚም ሊሆኑ ነው።

ይህ ገበሬ ከቀበሌው ጋር ያለው ጉዳይ ብዙ ነው። መታወቂያ የሚወስደው ከዚያ ነው። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ነገር የሚጀመረው ከዚያ ነው። የማዳበሪያ ወረፋ፣ የሴፍቲኔት ስም ዝርዝር፣ ልጁ ለሥራ ሲሄድ የሚጠየቀው የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሁሉም በዚያው በር ያልፋል። የቀበሌው ሹም ክፉ ሰው ነው አንልም፤ ብዙዎቹ ደመወዝ ሳይኖራቸው የሕዝብ ሸክም የሚሸከሙ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ገበሬው እስክሪብቶውን ሲያነሣ እነዚህ ሁሉ ጉዳዮች በዓይኑ ይመጡበታል። ወይ ይፈርምና ሲሠጋ ይከርማል፤ ወይ «ጥጃ ጠፍቶብኝ» ብሎ ይነሣል። ሁለተኛው በጣም የተለመደ ነው፤ የወሎ ሰው እንግዳን እንቢ ማለት ያፍራልና ጥጃ ይፈልጋል።

ስለ ጣት አሻራም አንድ ቃል እንጨምር፤ ይህ ነገር የተማረውን ሰው ብዙ ጊዜ አይታየውም። የእኛ ፊርማ ጭረት ነው፤ ቢያስፈልገን «የኔ አይደለም» ብለን ልንከራከርበት እንችላለን። ፊደል ያልቆጠረችው እናት ግን ቀለም ነክራ አውራ ጣቷን ታኖራለች። ያ አሻራ የሷ ነው፤ በሕይወቷ ሙሉ አይለወጥም፤ ሌላም ሰው አይጋራትም። እንግዲህ ከሁላችን ይልቅ ራሷን ለመከላከል አቅም የሌላት ሴት፣ ከሁላችን ይልቅ የማይካድ ምልክት ትታ ትሄዳለች።

አባቶቻችን «በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፣ በቃል ያለ ይረሳል» ይላሉ። ይህን ስንሰማ ሁልጊዜ ለጽሑፍ የተነገረ ምስጋና መስሎን ኖረን ነበር። ይወረሳል፤ እርግጥ ነው። ግን ማን ነው የሚወርሰው?

በዚህ አገር ይህ ጥያቄ የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። በሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላላ ምርጫው ተደረገ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በነሐሴ ወር፣ ወልድያና መርሳ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም በዚያው ቆዩ። ያን ጊዜ ከቤቱ ያልሸሸ ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው። መሥሪያ ቤቶች ተሰበሩ፤ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ተዘረፈ፤ ፋይል በየግቢው ተበትኖ ዝናብ ሲመታው ኖረ። ከሸሹት ሹማምንት መካከል የወረቀት ሣጥን ተሸክሞ የሸሸ ማን ነው? ልጁን ተሸክሞ ነው የሸሸው፤ ደግም አደረገ። ቀደም ብለን ወረርሽኙ ውለታ ዋለልን ያልነው ይህንን ነው። ለዚያ ምርጫ የዕጩዎች ድጋፍ ፊርማ ቢሰበሰብ ኖሮ፣ በየወረዳው በሺህ የሚቆጠር ሰው «እኔ የእገሌ ደጋፊ ነኝ» ብሎ ከነአድራሻው የፈረመበት ወረቀት፣ በሩ በተሰበረ ቢሮ ውስጥ ባለቤት አጥቶ በተገኘ ነበር።

ከዚያም በኋላ ሰላም አልዋለልንም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ውጊያውም ወደ ገጠሩ ገባ። ስለ ጦርነቱ ፍርድ ለመስጠት አልተነሣንም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ የቢሮው ቁልፍ ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው እጅ ሊሆን በሚችልበት አገር፣ ዛሬ ለወዳጅ የተሰጠ ስም ነገ ጠላት የሚያነበው ስም ነው። ይህም ለሁሉም ወገን እኩል ይሠራል፤ ለገዢው ፓርቲ የፈረመም፣ ለተቃዋሚው የፈረመም ያው አንድ ሰው ነው።

የማንነት ጥያቄ አቤቱታም ከዚሁ ይቆጠራል። የወልቃይት የአማራ ማንነት አስመላሽ ኮሚቴ የነዋሪዎችን ፊርማ አሰባስቦ በ2008 ዓ.ም. ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ማመልከቱ ይታወቃል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የኮሚቴው አባላት ተያዙ፤ የተፈጠረውን ሁከት ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ስለ ጥያቄው ማናችንም የየራሳችን አሳብ ሊኖረን ይችላል። ነገር ግን አቤት ለማለት ስም፣ አድራሻና ፊርማ ስጥ የሚል ሕግ፣ ስሙ ከተሰጠ በኋላ ለሰጪው ምን ዋስትና እንደሚሰጥ አብሮ መናገር አለበት። በራያም፣ በሌላም ስፍራ ተመሳሳይ ወረቀት ዞሯል፤ ነገም ይዞራል።

በዓለምም ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በቬኔዝዌላ እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሁጎ ቻቬዝን በሕዝብ ድምፅ ለማንሣት ፊርማ ተሰበሰበ፤ የአገሩ ሕገ መንግሥት የፈቀደው መንገድ ነበር። ሉዊስ ታስኮን የተባለ የምክር ቤት አባል በተከታዩ ዓመት የፈራሚዎቹን ስም ዝርዝር በኢንተርኔት አወጣው። ዝርዝሩም በስሙ «የታስኮን ዝርዝር» ተብሎ ቀረ። ሥራ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት፣ ውል የሚሰጥ ሹም ዝርዝሩን ገልጦ ማየት ልማድ አደረገ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠሩ የነበሩ ሦስት ሴቶች በመፈረማቸው ከሥራ ተባርረው፣ ለአሥራ አራት ዓመት ያህል ከተከራከሩ በኋላ የአሜሪካ አገሮች የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ፈረደላቸው። ፍርዱ መልካም ነው፤ ግን አሥራ አራት ዓመት ነው።

በአሜሪካ ግን ሌላ ነገር ተፈረደ። በዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2009 አንድን ሕግ ለሕዝብ ድምፅ ለማቅረብ ከ137,000 በላይ ሰው ፈረመ፤ ስማችን አይውጣብን ብለውም ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በተከታዩ ዓመት በስምንት ዳኞች ድምፅ በአንድ ላይ፣ የፈራሚን ስም ይፋ ማድረግ በጥቅሉ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። ነገር ግን እውነተኛ ማስፈራራት መኖሩን ያሳየ ሰው መከላከያ ሊያገኝ እንደሚችል በር ትቶለታል። ያው ፍርድ ቤት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ የአላባማ ግዛት የጥቁሮችን መብት የሚጠብቀውን ማኅበር የአባላትህን ስም አምጣ ብሎ ሊያስገድደው አይችልም ብሎ ፈርዶ ነበር። በዚያን ጊዜ በአላባማ ስሙ የታወቀ አባል ምን እንደሚደርስበት ዳኞቹ ያውቁ ነበርና።

ምናልባት ከመካከላችሁ አንድ መምህር ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ ፊርማ በተፈጥሮው የአደባባይ ነገር ነው፤ የሚያፍርበት ሰው አይፈርም» ይሉን ይሆናል። ከዋሽንግተኑ ጉዳይ ዳኞች አንዱ የነበሩት ስካሊያም ይህን የመሰለ አሳብ ጽፈዋል፤ ዴሞክራሲ የዜጋ ድፍረት ይፈልጋል ማለታቸው ነው። አሳቡን እናከብራለን። ለመምራት የሚነሣ ሰው ስሙ፣ ሀብቱ፣ ያለፈ ሥራው ይታወቅ፤ የፓርቲው መሪዎችም ይታወቁ። የሚፈርመው ሰው ግን ሥልጣን አልጠየቀም። «ይህ ሰው ይወዳደር» ብሎ በር ከፈተ እንጂ። በራሷ ፈቃድ ደፋር የምትሆን ሴት ትመስገን፤ ሕግ ግን በሴፍቲኔት ዝርዝር የምትኖርን መበለት ጀግና ሁኚ፣ አለዚያ አገርሽ አማራጭ አይኖረውም ሊላት አይገባም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ስሙ ከተሸሸገ የሞተ ሰው ይፈርማል፤ አንድ ሰው በአንድ ሌሊት መቶ ጣት ያኖራል። እውነት ነው። የምርጫ ቦርድ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ከሃያ በላይ ፓርቲዎችን ከመዝገብ ሲሰርዝ ካያቸው ነገሮች አንዱ የመሥራች አባላቱ ማጣሪያ ነበር። ማጣራት የግድ ነው። ነገር ግን ማጣራትና ማሳየት ሁለት ነገር ናቸው። ሐኪም በሽተኛውን ይመረምራል፤ ውጤቱን በበሩ ላይ አይለጥፍም።

እንግዲህ የምርጫ ሕጉ ሲሻሻል፣ ደንቡም ሲጻፍ እንዲገባ የምንለምነው ይህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የስም ዝርዝር ሉክ ይቅርና ለእያንዳንዱ ፈራሚ የራሱ ቁራጭ ወረቀት ይሁንለት፤ በላዩና በታቹ ማን እንደ ፈረመ እንዳያይ፤ እሱም እንዳይታይ። ወረቀቱ ታሽጎ በቀጥታ ለቦርዱ ይድረስ፤ በቀበሌና በወረዳ ቢሮ አይደር። ማጣሪያው በናሙና ይሁን፤ የቦርዱ ሰው የሚጠይቀውም ራሱን ፈራሚውን ይሁን፤ የቀበሌውን ሹም «ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ምርመራውን ራሱን ማጋለጫ ያደርገዋል። ከማጣራቱ በኋላ ክርክር የሚነሣበት ጊዜ ይወሰን፤ ጊዜው ሲያልፍ ወረቀቱ በምስክር ፊት ይቃጠል፤ የሚቀረው ቁጥሩና ቃለ ጉባኤው ይሁን። ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ ያነሣ፣ የገለበጠ፣ ያሳየ ሰው በስም ተጠርቶ የሚቀጣበት አንቀጽ ይኑር። ዛሬ አንድ ሺህ ስም ለመስረቅ አንድ ደቂቃና አንድ ስልክ ይበቃል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን የፖለቲካ አመለካከት ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው መረጃዎች ቆጥሮታል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ለክርክራችንም ዋና ድጋፍ ነው። ነገር ግን ስለ ባንክም፣ ስለ ሆስፒታልም፣ ስለ ቴሌም የሚናገር አጠቃላይ ሕግ ስለ ሆነ፣ በሀብሩ ቀበሌ ወረቀት ለሚያዞረው ወጣት ምን አድርግ ምን አታድርግ ብሎ አይነግረውም። ያን የሚነግረው የምርጫ ሕጉ ነው።

ቁጥሩንም እንደገና ማሰብ ይበጃል። አንዳንድ አገር በፊርማ ፈንታ ገንዘብ ያስይዛል፤ እኛ ይህን አንደግፍም፤ ገንዘብ ያለው ብቻ ይወዳደራልና። የፊርማው ቁጥር ግን ቢያንስ የሚጠበቀውም ስም ያንሳል። ይልቁንም የአካባቢ ምርጫ ሲመጣ ይህ ነገር ይብሳል። የአካባቢ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ተደርጎ፣ በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ተላለፈ። እንዲህ ያለው ምርጫ ሲደረግ ዕጩው ጎረቤት ነው፤ ተቃዋሚው ጎረቤት ነው፤ ወረቀቱን የሚያዞረውም ጎረቤት ነው። በጠቅላላ ምርጫ የሚቀየመው ሩቅ ያለ ሰው ነው፤ በቀበሌ ምርጫ የሚቀየመው ግን ውሃ አብሮህ የሚጠልፍ፣ ቅሬ አብሮህ የሚወጣ ሰው ነው።

ንግግራችንን ከማብቃታችን በፊት አንድ ጉዳይ ቀርቶናል። ይህን አሳብ በደብዳቤ አዘጋጅተን ለምርጫ ቦርድና ለክልሉ ምክር ቤት ልንልክ ነው፤ ያለ ፊርማ ደግሞ ማን ይሰማናል? ስለ ፊርማ የሚያወራ ማኅበር ፊርማ ሊለምናችሁ መቆሙ እንደሚያስቅ እኛም እናውቀዋለን። ስለዚህ እንዲህ አድርገነዋል። በደብዳቤው ግርጌ ሙሉ ስማቸውን የሚጽፉት የኅብረቱ ሥራ አስፈጻሚዎች ብቻ ናቸው፤ ሹመቱን ፈልገን ወስደነዋልና ስማችን ይታወቅ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ቁራጭ ወረቀት ታገኛላችሁ። የመታወቂያ ቁጥራችሁንና ፊርማችሁን ብቻ ጽፋችሁ፣ አጥፋችሁ በተቆለፈው ሣጥን ጨምሩ። ሣጥኑ ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይከፈታል፤ ከመምህራን ሁለት፣ ከተማሪዎች ሁለት ሆነው ይቆጥራሉ፤ ሁለት ጊዜ የፈረመ ቢገኝ ያወጣሉ፤ ቁጥሩን በደብዳቤው ላይ ጽፈው ይፈርማሉ። ወረቀቶቹ በዚያው ምሽት ከወጥ ቤቱ ጀርባ ይቃጠላሉ፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ። ያልፈረመ ሰው ለምን እንዳልፈረመ የሚጠይቀው የለም። ሁለት እስክሪብቶ አስረንበታል፤ እባካችሁ ይዛችሁት አትሂዱ።